ማንም ያልፈለገው ተርኪ

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለ ዮፍታሄ፤ የሸሪፉ ሰው ገና እግሩን ከመኪናው አላወረደም ነበር።

ፍራኦል ከጥድ ዛፍ ሥር በጀርባው ተንጋሏል። ቅጠል የመሰለው የአደን ጃኬቱ ደረቱ ላይ ጠቁሯል። የገደሉት እንደ ምስር ፍሬ የደቀቁ የሾትጋን እርሳሶች ናቸው። የራሱ ጠመንጃ ቃታው ሳይነካ አጠገቡ ተጋድሟል። ማለዳ ላይ «ተርኪ ሳልይዝ ብመለስ ሚስቴ ቢታንያ ቤት አታስገባኝም» እያለ ሲያስቃቸው የነበረ ሰው፣ አሁን ዝንቡን እንኳ ከፊቱ የሚያባርርለት ሌላ ሰው የሚፈልግ ሆነ።

አራት ጓደኛሞች ከላስ ቬጋስ ተነስተው፣ የዩታን ድንበር ተሻግረው፣ ተራራ ላይ ድንኳን ተክለው ነበር። ጉዞውን ያሰናዳው ዘውገ ነው። ካዚኖ ውስጥ ሱፐርቫይዘር ነው፤ ከመካከላቸው ዶሮ መሳዩን ትልቅ ወፍ፣ የዱር ተርኪን፣ አድኖ የሚያውቀውም እሱ ብቻ ነበር። ዮፍታሄ የኤርፖርት ማመላለሻ መኪና ይነዳል፣ ፍራኦል የታክሲ ሹፌር ነበር፣ ነቢል ሆቴል ውስጥ የክፍል ጽዳት ይቆጣጠራል። ሦስቱ እስከዚያች ቅዳሜ ድረስ ስለ ተርኪ የሚያውቁት በኅዳር ወር ከሱፐርማርኬት ፍሪዘር እንደሚወጣ ብቻ ነው። ፈቃድ ያስወጣላቸው፣ ጠመንጃ የመረጠላቸው፣ «ቀይ ነገር እንዳትለብሱ፤ የአውራው ጭንቅላት መልኩ እሱ ነው» ብሎ ያስጠነቀቃቸው ዘውገ ነው።

ጎህ ሲቀድ ነቢል ድንኳን ውስጥ ቀረ። በዋዜማው አመሻሽ ላይ በባዶ ቆርቆሮ አንድ ጥይት ሲሞክር ሰደፉ ቀኝ ትከሻውን ክፉኛ ስለመታው፣ «አደን በቃኝ፤ ነፍሱ ሳይወጣ ካመጣችሁልኝ ራሴ አርደዋለሁ» ብሎ ተኛ። ዘውገም የራሱን ጠመንጃ ሁለቱ እያዩት መኪናው ውስጥ አስቀመጠ።

«ዛሬ ቀኑ የእናንተ ነው» አላቸው። «እኔ ጠሪ ብቻ ነኝ።»

የያዘው ሲፈትጓት እንደ ሴቷ ተርኪ የምትጮህ ትንሽ የእንጨት ሳጥን ነበር። መኪናውን ልቆልፍ ብሎ ወደ ኋላ ቀረት አለ፤ ዮፍታሄና ፍራኦል ቀድመውት ወደ ወንዙ ወረዱ። መንገድ ላይ ፍራኦል የዮፍታሄን ክንድ ይዞ፣ ከአደኑ በኋላ ስለሚነገረው ነገር አንድ ቃል ጣል አደረገለትና ወደ ዛፉ ሄደ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ፈጣን ነው። የሳጥኗ ጩኸት ተሰማ። ከፊት ለፊት፣ ከወደቀው ግንድ አጠገብ፣ ቀይ ጭንቅላት ብቅ አለ። ዮፍታሄ ተኮሰ። ድምፁ ሸለቆውን መትቶ ተመለሰ። ወደ ግንዱ ሲሮጥ፣ መንገዱን ሳያጋምስ፣ ከቀኝ በኩል የዘውገ ጩኸት አቆመው።

«ዮፊ! ምን አደረግህ! ፍራኦልን መታኸው!»

ዮፍታሄ ወደ ጩኸቱ ዞረ። ወደ ግንዱ ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም።

ለቅሶው የተቀመጠው ቬጋስ፣ ሴንቴኒያል ሂልስ ሰፈር፣ በፍራኦልና በሚስቱ በቢታንያ ቤት ነው። በዋስ የተለቀቀው ዮፍታሄ በየቀኑ ይሄዳል። መሄዱ ድፍረት ይመስለዋል፤ መቅረቱ ደግሞ ከድፍረትም ይብስበታል። በሩ አጠገብ ካለች የፕላስቲክ ወንበር ላይ ይቀመጣል። የሚገባው ሰው ሁሉ ራሱን ነቅነቅ አድርጎለት ያልፋል እንጂ ቀረብ ብሎ ትከሻ ለትከሻ ሰላም የሚለው ጠፋ። ቢታንያ አንዴም ቀና ብላ አላየችውም። አይፈረድባትም፤ እሱም መስታወት ማየት ካቆመ ሰንብቷል።

ያልሸሸው ዘውገ ብቻ ነው። ፓራዳይዝ ሰፈር ከሚገኘው አፓርታማው ወስዶ ያመጣዋል፣ ይመልሰዋል፣ ሶፋው ላይ ያድርለታል፣ አልበላም ሲለው ያጎርሰዋል።

«ሰኞ ፍርድ ቤት ስትቀርብ ጥፋተኛ ነኝ በል» ይለዋል። «አደጋ ነው፣ ያዝኑልሃል። ብትከራከር ግን ነገሩ ይጎተታል፤ ቢታንያም ትንገላታለች። ለእሷ ስትል።»

«እላለሁ» ይላል ዮፍታሄ። ወህኒ ለመግባት እንደ እሱ የቸኮለ ሰው የዩታ ዳኛ አይቶ የሚያውቅ አይመስልም።

ሐሙስ ዕለት አክስቱ ወይዘሮ ጽጌወይን ዕረፍታቸውን አቋርጠው መጡ። አገር ቤት የወንጀል መርማሪ ነበሩ። ቬጋስ ደግሞ አንድ ካዚኖ የካሜራ ክፍል አስቀምጧቸዋል፤ ሥራቸው ፈረቃቸው እስኪያልቅ የሰው እጅ መመልከት ነው። ቁማርተኛ ፊቱን ያሠለጥናል፣ ክርኑን ግን ይረሳል ይላሉ። እንደገቡ በቀጥታ ወደ ፕላስቲኳ ወንበር ሄደው የእህታቸውን ልጅ አቀፉት። ዮፍታሄ ቀኝ ትከሻውን ሰበቅ አደረገ።

«አመመህ?»

«ጠመንጃው ነው፣ እትዬ። አንዴ ብተኩስበት እንደ በቅሎ ረገጠኝ።»

«እስቲ ልቀመጥ» አሉ ወይዘሮ ጽጌወይን፤ ሶፋ ላይም ተቀምጠው ዝም ብለው ሰው ያዩ ጀመር። ነቢል ገባ፤ ሰው ትከሻ ሊሰጠው ሲቀርብ «ቀስ፣ ቀስ! ቀኜን ታምሜአለሁ» እያለ ሲሸሽ ለቀስተኛው ፈገግ አለ። ዘውገ የውሃ ጠርሙስ በቀኝ እጁ እንደያዘ ይዘዋወራል፤ ሰው ሲመጣ ግራ ትከሻውን ያቀብላል፣ ውሃ ይሰጣል፣ ሌላ ጠርሙስ ያነሳል። የቤቱ ልጅ እሱ ነው፤ ያለ እሱ ለቅሶው አይቆምም ነበር።

ጥቂት ቆይተው ዮፍታሄን ወደ ጓሮ ጠሩት።

«ተርኪው የት ገባ?»

«የቱ ተርኪ?»

«የተኮስክበት ነዋ።»

«እትዬ፣ ተርኪ አልነበረም። ያየሁት ፍራኦልን ነው።»

«ይህን ማን ነገረህ?»

ዮፍታሄ መለስ ብሎ አሰበ። የነገረው ዘውገ ነበር። ለሸሪፉም፣ ለቢታንያም፣ ለለቀስተኛውም ሁሉ የነገረው ዘውገ ነው።

«ፍራኦል ቀይ ለብሶ ነበር?»

«ኧረ አልለበሰም።»

«እሺ። ስትተኩስ ምን ሰማህ?»

«ጥይቱን። ከዚያ ገደሉ አስተጋባው።»

«የገደል ማሚቶ ከመጀመሪያው ድምፅ ይቀጥናል። የሰማኸው ቀጥኖ ነበር?»

ዮፍታሄ ዓይኑን ጨፈነ። ያን ጠዋት በየሰዓቱ ሲመላለስበት የከረመ ቢሆንም ጆሮውን አልጠየቀውም ነበር። «አይ» አለ። «እኩል ነበር።»

«ፍራኦልስ መንገድ ላይ ያለህ ምንድን ነው? ቃል በቃል።»

«ከአደኑ በኋላ የምንነግርህ ነገር አለ ነው ያለኝ።»

«የምነግርህ ወይስ የምንነግርህ?»

«የምንነግርህ።»

«አየህ» አሉ ወይዘሮ ጽጌወይን፤ «አንዲት ፊደል ናት፤ ግን ሁለተኛ ሰው ይዛ ነው የመጣችው።»

ነቢልን ያገኙት ጋራዡ ውስጥ ወንበር ሲወለውል ነው።

«ሸሪፉ ምን ጠየቀህ?»

«ተኩሰሃል ወይ አለኝ። አዎ፣ ትናንት በቆርቆሮ ላይ አልኩት።»

«ሌላስ?»

«ሌላ አልጠየቀኝም። ፖሊስ የጠየቀህን ብቻ መልስ፣ አንድ ቃል እንዳትጨምር እየተባልን አይደል ያደግነው?»

«እኔንም በዚሁ አመላችሁ ስንት ዘመን አቃጥላችሁኛል! እስቲ ዛሬ ጨምርልኝ። ከተኮስክ በኋላ ጠመንጃውን ምን አደረግኸው?»

«አጸዳሁት፣ እትዬ። ዩትዩብ ላይ እንዳየሁት ውስጡን በዘይትና በጨርቅ፣ መስታወት እስኪመስል። በሽታ ነው መሰለኝ፤ የተጠቀምኩበትን ዕቃ ሳላጸዳ እንቅልፍ አይወስደኝም። ከዚያ መኪናው ውስጥ አስቀመጥኩት።»

«ዘውገ አይቶሃል?»

«እንጨት ሊለቅም ወርዶ ነበር።»

«ሸሪፉ ጠመንጃህን ቼክ ሲያደርገውስ?»

«አሸተተው፤ ተተኩሶበታል አለ። እኔም አዎ፣ ትናንት...» የነቢል ጨርቅ ወንበሩ ላይ ቆመ። «አጽድቼው ነበር እኮ» አለ ቀስ ብሎ።

ቢታንያ ግን ለመናገር ጊዜ ወሰደባት። ወይዘሮ ጽጌወይን አጠገቧ ተቀምጠው እጇን ይዘው ጠበቋት።

«ዮፍታሄ ካርታ ከሚያድልበት የዲለር ሥራው የተባረረበትን ጊዜ ያስታውሳሉ?» አለች በመጨረሻ። «ከቁማርተኛ ጋር ይሞዳሞዳል ብሎ ስሙን ያልሰጠ ሰው ለካዚኖው ደውሎበት። የሥራ ፈቃዱን ቀሙት፤ ትዳሩም በዚያው ፈረሰ። ፍራኦል ከአደኑ በፊት አንድ ተሳፋሪ ጭኖ ነበር። ሰክሯል። አበሻ መሆኑን ሲያይ፣ የናንተ ሰው ዘውገ ካዚኖውን ከእኔ ጋር ያጭበረብር ነበር፣ ሊነቃበት ሲል ጓደኛውን አስበላው ብሎ እየሳቀ ነገረው።»

«ፍራኦል ምን አደረገ?»

«ለዘውገ ደወለለት። ራስህ ንገረው፣ አለዚያ እኔ እነግረዋለሁ ሲለው ሰምቻለሁ። ዘውገም አልቅሶ፣ አደን እንሄዳለን፣ እዚያ አንድ ላይ ሆነን እንነግረዋለን አለው። ፍራኦል ደስ አለው። ሰው ይጸጸታል ብሎ የሚያምን ሞኝ ነበር።» ዕንባዋን ጠረገች። «ከዚያ ዮፍታሄ ገደለው ሲሉኝ ነገሩ ሁሉ ትርጉም አጣ። ማንን ልጥላ፣ እትዬ?»

ዘውገ በበኩሉ ከጠየቁት በላይ መለሰላቸው።

«የዚያን ቀን ጠመንጃ በእጄ አልነካሁም። ደግሞ ተርኪ የሚባል አልነበረም፤ ጠሪው እኔ ነኝ፣ ቢኖር እሰማው ነበር። ምስኪን ዮፊ ጉጉቱ ነው ያሳሳተው። አሁን እንዲህ እየጠየቁ ባያደክሙት ጥሩ ነው፤ እርስዎ አክስቱ ነዎት፣ ይዘኑለት እንጂ።»

«ልክ ነህ» አሉ ወይዘሮ ጽጌወይን። በማግስቱ ነቢልን አስከትለው ወደ ዩታ ነዱ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ለቀስተኛው ሲቀልል፣ የቀሩትን ሳሎን ውስጥ ሰበሰቧቸው። ቢታንያ ሶፋው ጫፍ ላይ፣ ነቢል ቆሞ፣ ዘውገ መስኮቱ አጠገብ፣ ዮፍታሄ ያችው የፕላስቲክ ወንበሩ ላይ። ወደ ኩሽና የሚወስደው በር ገርበብ ብሏል።

«ዮፍታሄ ነገ ጥፋተኛ ነኝ ሊል ነው» ብለው ጀመሩ። «ከማለቱ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ። ዓርብ ዕለት ከሸሪፉ ሰው ጋር ቦታው ላይ ነበርን። እንዳይመጣ በብዙ ተከራክሮኝ ነበር፤ የተናዘዘ ሰው እያለ ማን ይደክማል? ከወደቀው ግንድ ጀርባ ተርኪ አገኘን። አውራ። ሥጋውን አውሬ በልቶታል፤ ክንፉና ጭንቅላቱ ግን ቀርተዋል፤ እርሳሱም አለበት።»

ዮፍታሄ የወንበሩን ጠርዝ በሁለት እጁ ያዘ።

«ግንዱ ከዮፍታሄ ፊት ለፊት ነው፤ የፍራኦል ዛፍ ርቆ በቀኝ በኩል። ይህ ልጅ የዚያን ቀን አንድ ጥይት ተኮሰ፣ ያም ዒላማውን መታ። ለመጀመሪያ ጊዜው ጎበዝ ነው። እንግዲህ ፍራኦልን የመታው ሌላ ጥይት ነው፤ የገደል ማሚቶ የተባለው እሱ ነበር። ከየትኛው ጠመንጃ ተተኮሰ? የፍራኦል አልተነካም። የዘውገ ንጹሕ ነው። የነቢል ባሩድ ባሩድ ይላል፤ ይህም የቆርቆሮው ነው ተብሎ ታለፈ። ነቢል ግን አመሻሹን አጽድቶት ነበር።»

«እና ነቢል ነዋ!» አለ ዘውገ። «ድንኳን ውስጥ ተኝቼ ነበር የሚለው እሱ ነው።»

«እኔም አስቤዋለሁ። ግን ነቢል ተኩሶ ቢሆን ማጽዳቱን ለምን ይነግረኛል? ያችን ቆርቆሮ የመሰለች ማምለጫ በገዛ እጁ ለምን ይዘጋል? ተኳሹ ማጽዳቱን የማያውቅ ሰው ነው። የቆርቆሮውን ተኩስ ሰምቷል፤ በዚህ ጠመንጃ ብተኩስ ማንም አይጠረጥርም ብሏል። መኪናውን ልቆልፍ ብሎ ወደ ኋላ የቀረ ሰው ነው። ዮፍታሄ መቼ እንደሚተኩስ አስቀድሞ የሚያውቅ ሰውም ነው፤ ተርኪውን ወደ እሱ እየጠራ ያመጣው ራሱ ነውና። ዮፍታሄ ወደ ግንዱ ሲሮጥ በጩኸት ያስቆመውም እሱ ነው፤ ግንዱ ጋ ቢደርስ ወፉን ያገኘዋላ! ከዚያ ስልክ ልደውል ብሎ ወደ መኪናው ሮጠ፤ ጠመንጃውንም ቦታው መለሰ።»

«ይህ ሁሉ ወሬ ነው» አለ ዘውገ። ፊቱ የሠለጠነ ነበር፤ ምንም አልታየበትም። «ጠመንጃ አልነካሁም አልኩዎት።»

«እንግዲያው ሰላምታህን ምን ነካው?»

ሁሉም ወደ ዘውገ ዞሩ።

«እኔ ሰው ሳይ ነው የምውለው። ተጣድፎ የሚተኩስ ሰው ሰደፉን ትከሻው ላይ አያጣብቅም፤ ጠመንጃውም ይበልጥ ይመታዋል። ዮፍታሄ አመመኝ አለ። ነቢል አመመኝ እያለ ሰው አሳቀ። አንተ ግን ቀኝ እጅህን የምትጠቀም ሰው ሆነህ ሳለ ሳምንቱን በሙሉ የውሃ ጠርሙስ ከቀኝ እጅህ ሳታወርድ ለቀስተኛውን በግራ ትከሻህ ስትቀበል ከረምክ። ሕመም ነውር አይደለም፣ ዘውገ። የሚደበቀው የመጣበት ምክንያት ነው።»

«ውሃ ስለያዝኩ ነው!»

«አሁን አልያዝክም።»

ዮፍታሄ የተነሳው ማንም ሳያስነሳው ነው። አንድ ነገር ትዝ ብሎት ነበር። ሳምንቱን በሙሉ ዘውገ አጉርሶታል፣ ደግፎታል፣ ዕንባውን አብሶለታል፤ አንዴም ግን አላቀፈውም። የነፍሰ ገዳይ ትከሻ ቀፎት ይሆናል ብሎ አዝኖለት ነበር። ለዘውገ ነበር ያዘነው!

«ና» አለው እጁን ዘርግቶ። «ሰላም በለኝ።»

«ዮፊ፣ እኔ...»

«እንደ ድሮው። ሰላም በለኝ።»

ዘውገ ግራውን አስቀድሞ ቀረበ። ዮፍታሄ ቀኝ እጁን ያዘና በወጣትነታቸው እንደሚያደርጉት ሳብ አድርጎ ትከሻውን በትከሻው ገጨው። ሁለቱንም አመማቸው። የጮኸው ግን አንዱ ነው።

የኩሽናው በር ተከፈተና ሁለት መርማሪዎች ገቡ፤ አንዱ የቬጋስ፣ አንዱ የዩታ። ከአማርኛው አንድ ቃል አልገባቸውም፤ ለጩኸቱ ግን አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም። የዘውገን ሸሚዝ ከአንገቱ ገለጥ ሲያደርጉት ከትከሻው በታች የሰደፉ ምልክት ወይቦና ጠቁሮ ተኝቷል።

«አንተን ልጎዳ አልነበረም» አለ ዘውገ እጁ ወደ ኋላ ሲታሰር። አሁን ዕንባው እውነተኛ ይመስል ነበር። «አደጋ ነው ብለው በቀላሉ ይለቁሃል ብዬ ነው። እኔን ግን... ቢነገርብኝ አልቆልኝ ነበር፣ ዮፊ።»

ዮፍታሄ የሚለውን ፈለገ። ስለ ሥራው፣ ስለ ትዳሩ፣ ስለ ፍራኦል ብዙ ሊል ይችል ነበር። ከአፉ የወጣው ግን ትንሹ ነው።

«በዚያው እጅህ አጎረስከኝ» አለው።

መርማሪዎቹ ዘውገን ይዘውት ወጡ። ነቢል በሩን ዘጋና እጀታውን በመሐረቡ ጠረገው፤ ከዚያ ምን እንዳደረገ ሲገባው መሐረቡን ፊቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ። ወይዘሮ ጽጌወይን ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ያሹ ጀመር፤ ከሥራ እንደመጣ ሰው ነበር ድካማቸው።

ዮፍታሄ ወደ ፕላስቲኩ ወንበር ሊመለስ ዞረ። ልማድ ሆኖበት ነው። አልገደልኩትም፣ አልገደልኩትም ይላል ውስጡ፤ ፍራኦል ግን ያው ሞቷል፤ ደስ ማለቱም አሳፈረው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ባለፈው ሳምንት የሚወደው አንድ ሰው ብቻ ቀርቶት ነበር፤ እሱም ገዳዩ ሆኖ ተገኘ። ወንበሩ ጋ ሳይደርስ ቢታንያ ከፊቱ ቆመች። ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ግንባሯን ቀኝ ትከሻው ላይ፣ ልክ ሰደፉ የመታው ቦታ ላይ ጥላ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።

በጣም አመመው። ትከሻውን ሳያሸሽ ቆመላት።